ምከረው፣ ምከረው ያልነውስ የት ደረሰ?

«የእኛ ቢሮ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ነው።»

በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ምክር ማዕከል የሚመሩ ሰዎች ይህን ይላሉ። እሺ፣ ክፍት ይሁን። የተከፈተው የት ነው? ስንተኛ ፎቅ ላይ? ከስንት እስከ ስንት ሰዓት? በየትኛው ቋንቋ? ዓይነ ስውሩ ተማሪ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በምን ያነበዋል? በዊልቸር የምትንቀሳቀሰው ደረጃውን በምን ትወጣዋለች? ማታ የሚማረው መጥቶ ማንን ያገኛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቢሮ፣ በሩ ወለል ብሎ ቢውልም፣ ለብዙ ተማሪ ዝግ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪውን የመፈለግ ግዴታ የማዕከሉ ነው። ፈላጊው ተማሪው ብቻ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ፣ ምክሩ የሚደርሰው ያለ ምክርም መንገዱን ለሚያገኘው ልጅ ነው። በዚህ ነገር ላይ የሚሰነዘረውን ሰበብ ሁሉ ሰምቼዋለሁ። አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

«ችግር ያለበት ተማሪ በራሱ ይመጣል።»

አይመጣም። የሚመጣው አፍ ያለው ነው። አባቱ መምህር የሆነ፣ እህቱ ቀድማው የተመረቀች፣ በስልክ «ዲኑ ጋ ግባና ንገረው» የሚል ዘመድ ያለው ልጅ ይመጣል። ከቀበሌው የመጀመሪያው ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ግን ምን እንደሚጠየቅም አያውቅም። አድ ኤንድ ድሮፕ፣ ማለትም ኮርስ መጨመርና መጣል፣ የጊዜ ገደብ እንዳለው፣ ኤን ጂ የሚባለው ያልተሟላ ውጤት በጊዜው ካልተስተካከለ ኤፍ ሊሆን እንደሚችል፣ በውጤቱ ቅር ካለው ቅሬታ ማቅረብ መብቱ እንደሆነ ማንም አልነገረውም። ያልሰማውን ምን ብሎ ይጠይቅ?

በየግቢው ስሙ እየተቀያየረ የሚደጋገም ታሪክ አለ። ተማሪዋ ሁለተኛ ዓመት ናት። ኅዳር ላይ ከቤት ይደወላል፤ እናቷ ታመዋል፣ ታናናሾቿን የሚይዝ ሰው የለም። በዚያው ምሽት ሻንጣዋን ታዘጋጅና ለዶርም ጓደኞቿ «በሳምንት እመለሳለሁ» ብላ በንጋታው መናኸሪያ ትወርዳለች። ሳምንቱ ወር ይሆናል፤ ወሩ ሴሚስተሩን ይበላዋል። እናቷ ሲሻላቸው ትመለሳለች። ሬጅስትራር መስኮት ላይ «ዊዝድሮዋል ሞልተሽ ነበር?» ይሏታል። ቃሉን የሰማችው ያን ዕለት ነው። ነገሩ አንድ የማቋረጫ ቅጽ ነበር። ሞልታ፣ አስፈርማ፣ ክሊራንስ ጨርሳ ብትሄድ ኖሮ ሪአድሚሽን ጠይቃ ካቆመችበት ትቀጥል ነበር። አሁን ፈተና ያልተቀመጠችባቸው ኮርሶች ተበላሽተውባታል፤ መመለሷም አጠራጣሪ ሆኗል።

ልጅቷ ሰነፍ ናት? አይደለችም። ውጤቷ ዝቅ ብሎ ነበር? አልነበረም። የጎደላት «ቆይ እህቴ፣ ይህን ሞልተሽ ሂጂ» የሚል አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ደመወዝ እየተከፈለው እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። እሷ አታውቀውም፤ እሱም አያውቃትም።

«ምከረው፣ ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል የአገራችን ሰው።»

ይላል። ታዲያ ከመጀመሪያው እንቁጠረው። አንድ ጊዜ ምከረው፣ ሁለተኛ ምከረው፣ ከዚያ እንቢታውን ስማ። መከራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ የፊተኞቹን ዘለን ልጁን በቀጥታ ለመከራው አስረከብነው። የመጀመሪያ ምክሩ የዲስሚሳል ደብዳቤ የሆነበት ተማሪ መቼ ተመክሮ ነው እንቢ ያለው?

«ቆይ፣ ውጤቱ ይውጣና እናየዋለን።»

ይህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሚድ ፈተና የሚሰጠው በሴሚስተሩ አጋማሽ ነው። ከግማሽ በታች ያመጡትን ልጆች ስም መምህሩ ያውቀዋል። ስሙን ለአማካሪው ማስተላለፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አማካሪው በዚያው ሳምንት ልጁን ጠርቶ «ምን ገጠመህ? ያልገባህ የቱ ነው? በልተሃል? ተኝተሃል?» ቢለው ለፋይናሉ ገና ጊዜ አለው። ፋይናል ተፈትኖ፣ ግሬድ ተለጥፎ፣ ስም ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ምክር ማጽናኛ ነው። ማጽናኛም ደግ ነገር ነው፤ ተማሪውን ክፍል ውስጥ የሚያቆየው ግን ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ነው።

«በእኛ ጊዜ ማን አማከረን? ተምረን ወጥተን የለም ወይ?»

ጋሼ፣ እርስዎ ወጥተዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእርስዎ ጋር ገብተው ያልወጡት ግን «እኛም ነበርን» ለማለት እዚህ የሉም። «ተምረን ወጣን» ባይ ምንጊዜም የወጣው ነው።

ጊዜውም አንድ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ ጥቂት አሥሮች ነበሩ። መምህሩ ተማሪውን በስሙ ለመጥራት አይቸገርም ነበር። ከ30 ዓመት በፊት እንኳ አገራችን የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ፍሬሽማኑ በአዳራሽ ታጭቆ ይማራል፤ የሚታወቀውም በመታወቂያ ቁጥሩ ነው።

ወንፊቱም ጠብቧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ፕሮግራም የመጣው ያን ተከትሎ ነው። የሬሜዲያል ተማሪ በጥቂት ወር ውስጥ ራሱን ካላስመሰከረ ወደ ቤቱ ነው። ሁሉን አልፎ መመረቂያው የደረሰውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በእርስዎ ጊዜ ሬሜዲያልም የመውጫ ፈተናም አልነበረም። የዛሬው ልጅ ከእርስዎ የበለጠ መካሪ ቢያስፈልገው ምን ይገርማል?

«ማስታወቂያ ለጥፈናል እኮ።»

ለጥፋችኋል፤ እንዲህ ዓይነቱን ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ቆሜ አንብቤዋለሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሁለት ረጃጅም አንቀጽ፣ ከግርጌው ሰማያዊ ማኅተም። ፀሐይ ፊደሉን አደብዝዞታል። ከላዩ የጠፋ መታወቂያ ፍለጋና የካልኩሌተር ሽያጭ ተለጥፎበታል። የቢሮ ቁጥሩ ያለበት ጥግ ተቀዷል። ወረቀቱ መለጠፉን ለጣፊው ያውቃል። ምን እንደሚል ግን ተማሪው አያውቅም።

ግቢው በር ላይ ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ እዩት። የምዝገባው ቀን መቼ እንደሆነ፣ የዲፓርትመንት ምርጫው ቅጽ ምን እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ወረቀት በስንት ኮፒ እንደሚፈለግ፣ የትኛው ፊርማ እንደሚቀድም እዚያ የሚሠራው ልጅ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ዲግሪ አስተምሮት አይደለም። ተማሪው በሚቆምበት ቦታ ስለቆመ ነው። ማዕከሉም እዚያ ይቁም። የካፌ ሰልፍ አጠገብ፣ ዶርም ብሎኩ በር ላይ፣ ላይብረሪ መግቢያ ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያስቀምጥ። ቴሌግራም ላይ ይውጣ፤ ሲወጣም ፊደል የማያየው እንዲሰማው በድምፅም ይናገር። ወረቀቱ ላይም «በግሬድህ ቅር ካለህ፣ ትምህርት ማቋረጥ ከፈለግሽ፣ ዲፓርትመንት መምረጥ ከተቸገራችሁ እዚህ ኑ» ብሎ በደንብ ይጻፍ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ ማስታወቂያን «እኔን ይመለከተኛል» የሚል ተማሪ አላየሁም።

«አዲስ ተማሪዎችን በኦሬንቴሽን ቀን እናገኛቸዋለን።»

ከኦሬንቴሽኑ በፊት ማን እንዳገኛቸው ታውቃላችሁ? አውቶቡሱ ገና መናኸሪያ ሲደርስ የሚቀበሏቸው የግቢ ጉባኤ ልጆች ናቸው፤ የጀመዓው ልጆች ናቸው፤ የፌሎሺፑ ልጆች ናቸው፤ ከአንድ አካባቢ የመጡ ነባር ተማሪዎች ናቸው። ሻንጣ ይሸከሙላቸዋል፣ ዶርም ያሳዩአቸዋል፣ ስልክ ቁጥር ይሰጧቸዋል። ያ ፍሬሽማን ጥርሱን ሲያመውም፣ ኤፍ ሲያገኝም፣ ገንዘብ ሲያልቅበትም የሚደውለው በዚያ ቁጥር ነው። እነዚህ ልጆች የሚሠሩት ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው።

ታዲያ ከማንኛውም ማኅበር ያልሆነው ልጅስ? ከአካባቢው ብቻውን የተመደበው፣ ሃይማኖቱ በዚያ ግቢ ጥቂት ተከታይ ያለው፣ በጦርነት ምክንያት ትምህርቱ ተቋርጦበት ከእኩዮቹ በኋላ የገባው፣ ዓይን አፋሩስ ማን ይቀበለው? ዩኒቨርሲቲው የሁሉም ነውና የሁሉም ተቀባይ የሚሆነው ማዕከሉ ነው። ማዕከሉ መናኸሪያ ባልተገኘበት ግቢ አንዱ ልጅ አምስት ተቀባይ ያገኛል፤ ሌላው አንድም አያገኝም።

«ካውንስሊንግ የሚሄደው ነካ ያደረገው ነው።»

ይህን የሚለው ተማሪው ነው፤ ስለዚህ ለአንተ ልመልስ፣ ወንድሜ። ጉንፋን ሲይዝህ ክሊኒክ ስትሄድ አታፍርም። ዲፓርትመንት መምረጥ ሲያቅትህ፣ ሁለት ኮርስ በአንድ ሰዓት ሲጋጩብህ፣ ስታተስህ ዋርኒንግ ሲል የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ምኑ ነው እብደት? ማበድስ ሴሚስተሩን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ብቻ እየተብሰለሰሉ መክረም ነው። ደግሞም ጭንቀት የያዘው ቢሄድስ? ሕመም ነው፣ ይታከማል፤ ያሳፍራል ያለው ማን ነው?

ለኃላፊዎቹ ደግሞ ሌላ መልስ አለኝ። ተማሪው ያፈረው በራሱ ድክመት ብቻ አይደለም። ቢሮው ገብታችሁ እዩ። በአንድ ክፍል ሦስት ጠረጴዛ አለ፤ በአንዱ ላይ ሌላ ሠራተኛ ፋይል ያገላብጣል፤ በር ላይ ተላላኪ ቆሟል። አማካሪው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስንት አመጣሽ?» ይላል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «አንድ ነጥብ ስምንት» ትላለች፤ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ «ሌላ ችግር አለብሽ?» ትባላለች። ሌላ ችግር ነበረባት። የመጣችውም ለእሱ ነበር። «የለም» ብላ ትወጣለች። ከእንግዲህ አትመለስም፤ ለዶርም ጓደኞቿም እንዳይሄዱ ትነግራቸዋለች። የሚዘጋ በርና ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ክፍል ስጧት፤ የመጣችበትን ትናገራለች።

«አካል ጉዳተኛ ተማሪ ስንት ነው? ለጥቂት ሰው ሲባል ቢሮ አይዛወርም።»

ቢሮ የማይዛወር ከሆነ ሕግ ይዛወር? የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስም፣ መራመድ ችሎ ደረጃ መውጣት ለሚያቅተውም መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 አካል ጉዳት ላለበት ተማሪ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የፈተና ሰዓት ጭማሪ፣ የማስረከቢያ ቀን ማራዘሚያ እንዲሰጠው ደንግጎ ነበር፤ ዛሬ በቦታው ያለው አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ ተጽፎ፣ ስለ ፈተና ሰዓት ጭማሪው የሚነግራቸው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ተቀምጧል። መብታቸውን ለመስማት መጀመሪያ ደረጃውን መውጣት አለባቸው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመጣው የፍሬሽማን ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ «ኢንክሉሲቭነስ» የሚባል ኮርስ አለ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አካል ጉዳተኛን ስለ ማካተት፣ መሰናክልን ስለ ማንሣት ይማራሉ፤ ይፈተናሉ፤ ግሬድ ይቀበላሉ። ለተማሪው ያስተማርነውን ለቢሯችን እናስተምረው። ጠረጴዛውን ምድር ቤት ማውረድ ስንት ሰው ይጠይቃል? ሁለት ጉልበተኛ ተማሪ ይበቃል።

«ጥቂት ናቸው» ለሚለውም፦ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጥታ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለች ኢትዮጵያዊት ናት። እሷን ያስተማረ አገር ሌላዋን በደረጃ ምክንያት ቢያጣት ጥፋቱ የደረጃው ነው? መስማት የተሳነውን ተማሪ በተመለከተም «አስተርጓሚ አይገኝም» አትበሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ ያስመርቃልም። ባለሙያው አለ፤ የሚቀጥረው መደብ ነው የጠፋው።

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሌላ ቋንቋ ምን ያደርጋል?»

ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ ይሁን። «እዚህ ግቢ ማንንም አላውቅም፤ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚለውን ግን ሰው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው የሚናገረው። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪን የሚመድበው ከየትኛውም ክልል ወደ የትኛውም ክልል ነው። ከጅግጅጋ ጎንደር፣ ከሰመራ ጅማ፣ ከአክሱም ዲላ የተመደበ ልጅ አለ። በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ የተማረ ልጅ አማርኛው ስለተሰባበረበት ብቻ «አይገባውም» ተብሎ ይታለፋል።

አማካሪው አምስት ቋንቋ ይቻል አላልኩም። ግቢው ውስጥ እነዚህን ቋንቋዎች ሁሉ የሚናገሩ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ሞልተዋል። አሠልጥኗቸው፣ ምስጢር ስለ መጠበቅ ቃል አስገቧቸው፣ ስማቸውንና የሚናገሩትን ቋንቋ በር ላይ ለጥፉ። ያ ፍሬሽማን በሩ ላይ የራሱን ቋንቋ ስም ሲያይ ይገባል።

«የማታ ተማሪ ሠራተኛ ነው፤ ራሱን ይችላል።»

ሰዓቱን ተመልከቱ። ቢሮው ከ2:30 እስከ 11:30 ይሠራል። የማታ ተማሪ ከሥራ የሚወጣው በ11:30 ነው። እሱ ግቢ ሲደርስ አማካሪው ሰርቪስ ላይ ነው። የቅዳሜና እሑድ ተማሪው ደግሞ በሥራ ቀን ግቢውን አያየውም። ሁለቱም ከኪሳቸው ከፍለው ይማራሉ፤ የመውጫ ፈተናውንም ከቀን ተማሪው እኩል ይቀመጣሉ። በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ምሽቱ 2:00፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ክፈቱ። በሚያመሽበት ቀን ጠዋት አማካሪው አርፍዶ ይግባ፤ ለቅዳሜውም በሌላ ቀን ይረፍ፤ ሰዓቱ ይካካሳል። ይህ ትርፍ ሰዓትም ትርፍ በጀትም አይጠይቅም።

«ሴቶች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አላቸው፤ አካል ጉዳተኞች የልዩ ፍላጎት ቢሮ አላቸው። እኛ ምን እናድርግ?»

ከገጠር የመጣች፣ ማየት የተሳናት፣ በሬሜዲያል የገባች ተማሪ የትኛው ቢሮ ናት? ፆታው ቢሮ «ለልዩ ፍላጎት ንገሪ» ይላታል። ልዩ ፍላጎቱ «ይህ የሬጅስትራር ነው» ይላታል። ሬጅስትራሩ «ከዲፓርትመንትሽ ደብዳቤ አምጪ» ይላታል። ዲፓርትመንቱ ወደ እናንተ ይመራታል። አራት ደጅ ጠንታ፣ በእያንዳንዱ ታሪኳን ከሀ ጀምራ ተናግራ፣ ማታ ዶርሟ የምትገባው ባዶ እጇን ነው። ቢሮዎቹ ይኑሩ፤ ሁሉም ሥራ አላቸው። ማዕከሉ ግን አንድ ጊዜ አዳምጧት፣ ስልኩን ራሱ አንሥቶ ሌሎቹን ይጥራ። ደጅ የሚዞረው ወረቀቱ ይሁን፤ እሷ ትቀመጥ።

ከዚህም የከበደ አለ። ግሬድ መያዣ አድርጎ የሚያስቸግራት መምህር ያለባት ተማሪ፣ የተመደበላት አማካሪ የዚያው መምህር የቢሮ ጓደኛ ከሆነ ለማን ትናገራለች? በየዲፓርትመንቱ መምህርን አማካሪ አድርጎ መመደብ ጥሩ ነው፤ የኮርሱን ነገር እሱ ያውቃል። ግን ተማሪዋ ከዲፓርትመንቷ ውጭ የምትሄድበት፣ ፋይሏን ማንም መምህር የማይከፍትበት ሌላ በር ሊኖራት ግድ ነው። ያ በር የት እንዳለም ችግሩ ከመድረሱ በፊት ማወቅ አለባት። ችግሩ ከደረሰ በኋላ በፍርሃት ውስጥ ሆና በር አትፈልግም።

«የእኔ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ምክር አያስፈልገውም።»

እናቴ፣ መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ሲሉ አልሰሙም? ንጉሥ መካሪ ከፈለገ ጎበዝ ተማሪ እንዴት አይፈልግ? ልጅዎ ፍሬሽማኑን ሲጨርስ ዲፓርትመንት ይመርጣል። ዕድሜ ልኩን የሚኖርበትን ሙያ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዶርም ጓደኛ በሰማው ወሬ ይመርጣል። «ይህ ሥራ አለው፣ ያኛው ሥራ የለውም» ይባላል፤ ተናጋሪውም የሰማው ከሌላ ነው። የኮርሱን ዝርዝር ያላየ፣ ከዚያ ትምህርት ክፍል ተመርቆ የሚሠራ ሰው ያላነጋገረ ጎበዝ፣ ከፍተኛ ነጥቡን ይዞ የማይወደው ክፍል ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ጉብዝናው አያወጣውም። ማዕከሉ የደካሞች ብቻ ነው የሚለው ወሬ ጎበዙንም ደካማውንም ይጎዳል፤ ጎበዙ እንዳይሄድ ያደርገዋል፣ ደካማው ሲሄድ እንዲታይበት ያደርገዋል። ሁሉም የሚገባበት በር ሲሆን ማን ለምን እንደገባ ማንም አያውቅም። የሚያፍረው ልጅ የሚደፍረው ያን ጊዜ ነው።

«በጀት የለም።»

ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ሦስት ዓመት አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ አስተምሮ በሦስተኛው ዓመት ሲያሰናብት በጀት ነበረው? የወጪ መጋራት ከመጣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪውም ዕዳ እየፈረመ ነው የሚማረው። የተባረረ ልጅ ዲግሪ ሳይዝ ዕዳ ይዞ ይወጣል፤ አገሪቱም ያወጣችውን አታገኝም። ከዚህ የበለጠ ወጪ የታለ?

እስካሁን ከጠየቅሁት ገንዘብ የሚፈልገው ጥቂቱ ነው። ጠረጴዛ ማውረድ፣ ሰዓት ማሸጋሸግ፣ የሚድ ውጤት ማስተላለፍ፣ ነባር ተማሪ ማሠልጠን፣ ማስታወቂያን በሚገባ ቋንቋ መጻፍ ፈቃድ እንጂ ጨረታ አያስፈልገውም። ገንዘብ የሚጠይቁት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው፣ የሚዘጋው ክፍልና ተጨማሪ የሠለጠነ አማካሪ ናቸው። እነሱን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ አስገቡና ተከራከሩላቸው። ያልጠየቃችሁትን በጀት «የለም» ያለ ሰው የለም።

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኮሚቴ እናቋቁም።»

ኮሚቴው ሪፖርት ሲያቀርብ የዘንድሮው ፍሬሽማን ተመርቋል ወይም ተባሯል። ከኮሚቴው በፊት አንድ ሰው በስም ይመደብ። ቀን ይቆረጥለት፤ ቀኑም የሚቀጥለው ምዝገባ ይሁን። በኮሚቴውም ቢሆን ዓይነ ስውር ተማሪ፣ የማታ ተማሪ፣ አማርኛ አፉን ያልፈታበት ተማሪ በአባልነት ይቀመጡ። ስለ እነሱ የሚወሰነውን እነሱ ይወስኑ።

«ሠርተን እንደሆነስ በምን እናውቃለን?»

ይህ የምወደው ጥያቄ ነው፤ ከልቡ የሚሠራ ሰው ጥያቄ ነውና። ምሳ ሰዓት ካፌ ሰልፍ ጋ ሂዱ። ያገኛችሁትን አሥር ተማሪ «የምክር ማዕከሉ የት ነው? ለምን ለምን ይሄዱበታል? እዚያ ያለውን ሰው ስም ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአሥሩ ስምንቱ ካልመለሱ ሥራው ገና ነው። በዚያው ቀን ምሽት የማታ ተማሪዎችን ጠይቁ። ከዚያ በዊልቸር የምትንቀሳቀሰውን ተማሪ ከዶርሟ እስከ ማዕከሉ ድረስ አብራችኋት ሂዱ፤ የቆመችበትን ቦታ ሁሉ መዝግቡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክሉ።

ዋናው መለኪያ ግን ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚወጣው የተሰናባቾች ዝርዝር ነው። ማዕከሉ ዝርዝሩን ይዞ ስም በስም ይመልከት፤ ይህን ልጅ ከስንብት ደብዳቤው በፊት አነጋግረነዋል ወይ? መቼ? ማን? ምን አለ? ተፈልጎ፣ ተመክሮ፣ ተረድቶ የወደቀ ተማሪ ይኖራል፤ ለእሱም ሁለተኛ መንገድ ይፈለግለታል። አንድም ሰው ስሙን ጠርቶ ሳያናግረው የተባረረ ልጅ ግን በዝርዝሩ ላይ ከተገኘ፣ ከልጁ ስም አጠገብ የማዕከሉም ስም ይጻፍ። የወደቁት ሁለቱም ናቸውና።